አጥሩ ምን ይከልላል? በጦር ሰፈር መሬት ላይ ስላለው የፌዴራልና የክልል ሥልጣን



«ወታደር የት ይደር?» የሚለው ጥያቄ በአገራችን የአስተዳደር ታሪክ ውስጥ ካሉት እጅግ አሮጌ ጥያቄዎች አንዱ ነው። ለብዙ ዘመን መልሱ አጭር ነበር፤ በባላገር ቤት። ጦር ሲያልፍ ወይም ሲሰፍር ባላገሩ ተሰሪ ይቀበላል፤ ጎጆውን ያካፍላል፣ ድርጎ ያቀርባል፣ ለእርሻ ያሰበውን በሬ ለእርድ ይሰጣል። ዐፄ ቴዎድሮስ ለወታደሩ ደመወዝ በመቁረጥ ይህን ሸክም ሊያቃልሉ ሞክረዋል። ዐፄ ምኒልክም በ1880ዎቹ አሥራት ደንግገው ባላገሩ እህሉን ወደ ጎተራ እንዲያስገባ፣ ወታደሩ ደግሞ ከባላገሩ ቤት እንዲወጣ አዘዋል። ከ1933ቱ ነፃነት በኋላ ደመወዝተኛ መደበኛ ጦር ሲደራጅ ወታደር በራሱ ሰፈር ማደር ደንብ ሆነ። እንግዲህ የጦር ሰፈር አጥር መጀመሪያ ሲታጠር የጠቀመው ወታደሩን ብቻ አልነበረም፤ ባላገሩም ከተሰሪ ያረፈው በዚያው አጥር ነው። ዛሬ ያ አጥር ሌላ ጥያቄ ወልዷል። በአጥሩ ውስጥ ያለው መሬት የየትኛው መንግሥት ነው? እዚያ የሚሠራው የማን ሕግ ነው? እዚያ ለሚነሣ ጠብ፣ ለሚደርስ ጉዳት፣ ለሚሸጥ ሻይ ሥልጣን ያለው ማን ነው?

ጥያቄው በዋግ ኽምራ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ይከብዳል። አገሩ ተራራና ገደል የበዛበት፣ አፈሩ በጎርፍ የታጠበ ነው፤ ሜዳ ብርቅ ነው። ለድንኳንና ለመጋዘን፣ ለተሽከርካሪና ለዒላማ ተኩስ የሚመቸው ቦታ ለማሽላና ለጤፍ፣ ለወል ግጦሽም የሚመቸው ያው ቦታ ነው። ከ2013 እስከ 2015 የተካሄደው ጦርነት አካባቢውን አቋርጦ አልፏል፤ ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀሉ ወገኖች በዋግ ኽምራ ዋና ከተማ በሰቆጣ ለረጅም ጊዜ ተጠልለዋል። በዚህ ላይ ዋግ ኽምራ በአማራ ክልል ሕገ መንግሥት የራሱ ምክር ቤት ያለው የብሔረሰብ አስተዳደር ስለሆነ፣ በሌላው ቦታ ሁለት እርከን የሆነው የመንግሥት ሥልጣን እዚህ ሦስት እርከን አለው። ስለዚህ ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፤ አጥር ይዞታን ይከልላል፣ የመንግሥትን ሥልጣን ግን አይቆርጥም። በጦር ሰፈር መሬት ላይ የፌዴራሉና የክልሉ ሥልጣን በሕገ መንግሥታችን መሠረት አብሮ ይኖራል። የጎደለን ነገር ይህ አብሮ መኖር በየቦታው፣ በየሰፈሩ፣ በጽሑፍ አለመቀመጡ ነው።

ማስረጃውን ከሕገ መንግሥቱ እንጀምር። ብዙ ሰው ፌዴራሉን መንግሥት እንደ አንድ ትልቅ ባለ ርስት፣ ክልሎችን ደግሞ እንደ ጭሰኞቹ ያስባል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 ግን የኢትዮጵያ ግዛት የፌዴሬሽኑ አባላት ግዛት እንደሆነ ይደነግጋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከክልሎች ምድር ውጭ ‹የፌዴራል ምድር› የሚባል ለብቻው የተቀመጠ ግዛት የለም ማለት ነው፤ አዲስ አበባ እንኳ በአንቀጽ 49 የተለየ አቋም ሲሰጣት ለነዋሪዎቿ ራስን በራስ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አብሮ ተሰጥቷል። ሕገ መንግሥቱ የጦር ሰፈርን፣ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤትን ወይም ምሽግን ከክልል ግዛት የሚነጥል አንቀጽ የለውም። ሥልጣንን ያከፋፈለው በአፈር ሳይሆን በሥራ ነው። አንቀጽ 51 የአገር መከላከያን ማቋቋምና መምራት ለፌዴራሉ ሰጠ፤ የመሬት አጠቃቀም ሕግ ማውጣትንም ሰጠው። አንቀጽ 52 ደግሞ ያንን ሕግ ተከትሎ መሬትን ማስተዳደርን፣ በክልሉ ውስጥም ፖሊስ አደራጅቶ ሰላምና ጸጥታ ማስጠበቅን ለክልሉ ሰጠ። ጦሩ የፌዴራል ነው፤ ጦሩ የሰፈረበት መሬት አስተዳደር ግን የክልል ነው። ሁለቱ አንድ ሜዳ ላይ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን እንዲያባርር ሕጉ አላዘዘም፤ አንቀጽ 50 እንዲያውም አንዱ የሌላውን ሥልጣን እንዲያከብር ያዛል።

እዚህ ላይ «መሬት እኮ የመንግሥት ነው» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ከ1967 ጀምሮ የገጠር መሬት የግል መሆኑ እንደቀረ እውነት ነው። በደርግ ዘመን መንግሥት አንድ ስለነበር ‹የመንግሥት› የሚለው ቃል ተከታይ ጥያቄ አልነበረውም። አሁን ግን ‹የትኛው መንግሥት?› የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። አንቀጽ 40 የመሬትን ባለቤትነት ለመንግሥትና ለሕዝብ በጋራ ሰጠ እንጂ ለአንድ ሚኒስቴር ወይም ለአንድ ቢሮ አልሰጠም። ስለዚህ መከላከያ በአንድ ሜዳ ላይ ያለው መብት የተጠቃሚነትና የይዞታ መብት ነው፤ ጠንካራ፣ ለአገር ህልውና የተሰጠ መብት ነው፤ ግን ይዞታ ነው። በዚሁ አንቀጽ ገበሬው ከመሬቱ ያለመነቀል ጥበቃ አለው፤ ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድበትም ካሣ አስቀድሞ ይከፈለዋል። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 በቋሚነት ከመሬቱ ለሚነሣ ገበሬ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢው 15 እጥፍ እንዲታሰብለት ያዛል፤ መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም እንዲውል የሚወስነው አካል ፌዴራል ሊሆን ይችላል፤ ገበሬውን በስም የሚያውቀው፣ ደብተሩን የሚያገላብጠው፣ ማሳውን የሚለካው ግን የወረዳው አስተዳደር ነው። ትብብሩ ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል።

ወደ ፍርድ ቤት እንለፍ። በ1988 የወጣውና በ2013 በአዲስ አዋጅ የተተካው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 25 ሥልጣናቸውን በሦስት መንገድ አስቀመጠ፤ በሕግ፣ በባለጉዳይና በቦታ። በቦታ የሚለው በር ለጦር ሰፈርም ሊከፈት ይችል ነበር ብሎ ማሰብ ይቻላል፤ በተግባር ግን በዚህ በር የሚታወቁት አዲስ አበባና ድሬዳዋ ናቸው። በጦር ሰፈር ጉዳይ በብዛት የሚሠራው የባለጉዳይ መንገድ ነው፤ የፌዴራል መንግሥት አካል ተከራካሪ የሆነበት የፍትሐ ብሔር ክርክር የፌዴራል ጉዳይ ነው። ታዲያ የሰቆጣ ገበሬ መከላከያን ቢከስ የግድ አዲስ አበባ ይሄዳል? አይሄድም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን፣ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በውክልና እንዲሠሩ አድርጓል። በ1995 የወጣው አዋጅ ቁጥር 322 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአንዳንድ ክልሎች እንዲቋቋም ሲያደርግ አማራ ክልልን አልጨመረም። ስለዚህ እንደ ክሱ የገንዘብ መጠን ጉዳዩ በሰቆጣ ወይም በባሕር ዳር ይታያል። ያው ዳኛ ጠዋት የክልሉን፣ ከሰዓት የፌዴራሉን ካባ ይለብሳል። ‹ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ› የሚለው የአባቶች አባባል በዚህ ሥርዓት ተሽሯል፤ ንጉሡ ይከሰሳል፣ የሚከሰሰውም ጉዳቱ በደረሰበት አገር ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ የምሳሌ ሰፈር እናቁም። ከከተማው ጥግ፣ ከእርሻና ከግጦሽ ጋር የሚዋሰን አንድ ካምፕ አለ እንበል። በካምፑ ክበብ ውስጥ ሁለት ሲቪል ሠራተኞች ተጣልተው አንዱ ሌላውን አቆሰለው። የወንጀል ሕጉ በ1996 የወጣ የፌዴራል ሕግ ነው፤ ተራ የአካል ጉዳት ወንጀልን በክልል ውስጥ የሚመረምረው፣ የሚከሰውና የሚዳኘው ግን የክልሉ ፖሊስ፣ ዓቃቤ ሕግና ፍርድ ቤት ነው፤ አጥሩ ይህን አይለውጠውም። አንድ ወታደር ከግዳጁ ቢጠፋ ወይም የበላዩን ትእዛዝ ቢጥስ ጉዳዩ ወደ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ እዚያ የሚሄደው ግን ሰውየው ወታደር፣ ጥፋቱም ወታደራዊ ስለሆነ ነው፤ ቦታው ካምፕ ባይሆንም እዚያው ይሄድ ነበር። ምግብ የሚያበስሉ ሴቶችን የቀጠረ የግል ተቋራጭ ደመወዝ ቢከለክል የሚሠራው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ነው፤ አዋጁ የሠራዊት አባላትን አይመለከትም፣ የተቋራጭ ተቀጣሪዎችን ግን ይመለከታል። ግብርም ሲነሣ አንቀጽ 100 ፌዴራሉና ክልሉ አንዱ በሌላው ንብረት ላይ ግብር እንዳይጥሉ ይከለክላል፤ ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት ከሆነ ግን ክልከላው የለም። የጥይት መጋዘኑ ግብር አይከፍልም፤ ለትርፍ የተከፈተ ሱቅ ግን ‹በአጥር ውስጥ ነኝ› ብሎ አያመልጥም። በእነዚህ አራት ጉዳዮች ሁሉ ሕጉ የጠየቀው ‹የት?› ብሎ ብቻ አይደለም፤ ‹ማን? ምን አደረገ?› ብሎ ነው።

አምስተኛው ምሳሌ ግን እንዲህ በቀላሉ አይፈታም። ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ቀለሃ ሊለቅም ወደ ዒላማ ሜዳ ገብቶ ያልፈነዳ ተተኳሽ አቆሰለው እንበል። ሜዳው የመከላከያ ይዞታ ነው። ልጁ የቀበሌው ልጅ ነው። ሜዳው በወል ግጦሽ ውስጥ ስለሆነ የወሰን ድንጋይ የለውም፤ መቼ ተኩስ እንደሚኖር ለቀበሌው የሚነገርበት መንገድ አልተጻፈም። አምቡላንስ ማን ይልካል? ሜዳውን ማን ያጸዳል? ምርመራውን የወረዳው ፖሊስ ሊያካሂድ ሲመጣ በር ላይ ያለው ዘበኛ በየትኛው ደንብ ያስገባዋል ወይም ይመልሰዋል? ልጁ ጥፋተኛ ነው ቢባልስ፣ በወጣትነቱ የሚዳኘው የት ነው? እዚህ ላይ ሕገ መንግሥቱ መርሕ ይሰጠናል፤ የዘበኛውን የጠዋት ሥራ ግን አይነግረውም። መርሕና የዘበኛው ሥራ በሚለያዩበት ክፍተት ውስጥ ነው ሰው የሚጎዳው። የምንከራከርበት ቦታም ይህ ክፍተት መሆን አለበት።

ክፍተቱ ሳይሞላ ሲቀር ምን እንደሚከተል ከራሳችን ታሪክ መማር እንችላለን። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 390 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቀላቀል መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብና ወደቦች የፌዴራል ሥልጣን ሆኑ፤ የውስጥ ጉዳይ ለኤርትራ ቀረ። በ1945 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከአሜሪካ ጋር ባደረገው ስምምነት በአስመራ የነበረው የራዲዮ ጣቢያ፣ በኋላ ቃኘው ጣቢያ የተባለው፣ ለ25 ዓመት ለአሜሪካ ጦር ተሰጠ። መሬቱ በኤርትራ ነበር፤ የፈረመው ግን የማዕከሉ መንግሥት ነው፤ ምክንያቱም ጉዳዩ መከላከያ ነው። ይህ ብቻውን ፌዴሬሽኑን አፈረሰው ማለቴ አይደለም፤ በ1955 የፈረሰበት ምክንያት ብዙ ነው። ትምህርቱ ግን ይህ ነው፤ ‹መከላከያ› የሚለው ቃል ወሰን ካልተጻፈለት በሰፊው ይተረጎማል፤ ከመከላከያ ጋር የሚነካካ መሬት፣ መንገድ፣ ፖሊስና ገቢ ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ ኃይለኛው ወገን ይፈስሳል። የቅርብ ጊዜው ምሳሌ ደግሞ ከጦር ሜዳ ሳይሆን ከእርሻ ይመጣል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሰፋፊ የእርሻ መሬት፣ ከ5,000 ሄክታር በላይ የሆነው፣ በክልሎች ውክልና ወደ ፌዴራሉ ግብርና ሚኒስቴር አስተዳደር ሲዛወር የሕግ ምሁራን አንድ ነገር አስተዋሉ፤ አንቀጽ 50 ፌዴራሉ ለክልል ውክልና እንዲሰጥ ይፈቅዳል እንጂ ክልሉ ሥልጣኑን ወደ ላይ እንዲያስረክብ አይናገርም። ስለዚህ አንድ ክልል ‹ይህ ሜዳ የጦር ነው፣ ከእንግዲህ አያገባኝም› ብሎ እጁን መታጠብ ይችላል ብዬ አላምንም።

ከእኛ በተቃራኒ የጀመረ አገር አለ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 1 ክፍል 8 ለምሽግና ለመሣሪያ ግምጃ ቤት በክልሉ ፈቃድ በተገዛ ቦታ ላይ ብቸኛ የሕግ ማውጣት ሥልጣን ለፌዴራሉ ሰጠ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሠራው ይህ ሥርዓት ምን አስተማራቸው? መጀመሪያ፣ ‹ብቸኛ› የተባለው ሥልጣን ሁልጊዜ ብቸኛ እንዳልነበረ። በካንሳስ ያለው የፎርት ሌቨንወርዝ ምሽግ ጉዳይ ይህን ያሳያል፤ ካንሳስ እ.ኤ.አ. በ1875 በምሽጉ ላይ ያላትን ሥልጣን ስታስተላልፍ በውስጡ የሚያልፉትን የባቡር ኩባንያዎች ግብር የማስከፈል መብቷን አስቀረች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1885 ይህን አጸናላት። ሁለተኛ፣ ዝምታ እንደሚያስከፍል። በሉዊዚያና ካምፕ ክሌይቦርን በተፈጸመ ከባድ ወንጀል ወታደሮች በፌዴራል ፍርድ ቤት ከተፈረደባቸው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፌዴራሉ መንግሥት በቦታው ላይ ሥልጣን መቀበሉን በይፋ ስላላሳወቀ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን አልነበረውም አለ። አንድ የማሳወቂያ ደብዳቤ አለመጻፉ ፍርዱን አፈረሰ። ሦስተኛ፣ በተነጠለ መሬት ላይ የሚኖር ሰው መብቱ እንደሚጎድል። በሜሪላንድ በአንድ የፌዴራል የጤና ምርምር ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ‹የክልሉ ነዋሪ አይደላችሁም› ተብለው ከምርጫ ተከልክለው ነበር፤ መብታቸው የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1970 በፍርድ ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታትም በርካታ የአሜሪካ ግዛቶች በጦር ሰፈር ውስጥ የሚፈጸም የወጣቶች ጥፋት በጋራ ሥልጣን እንዲታይ ሕግ አውጥተዋል፤ የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ለልጆች የተዘጋጀ አይደለምና። የእኛ ቀለሃ ለቃሚ ልጅ ጥያቄ እዚያም ተነሥቷል ማለት ነው።

ሕንድም ከእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የወረሰቻቸውን ካንቶንመንት የሚባሉ የጦር ከተሞች በማዕከል ሕግ ስታስተዳድር ኖራ፣ ከእ.ኤ.አ. 2023 ወዲህ የሲቪል ሰፈሮቻቸውን ወደ ክልል ማዘጋጃ ቤቶች መመለስ ጀምራለች፤ ሂማቻል ፕራዴሽ ውስጥ ያለው ዮል የመጀመሪያው ነው። የናይጄሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 በሌጎስና በፌዴራሉ መንግሥት መካከል በተነሣ ክርክር የከተማ ፕላን ሥልጣን የክልሎች እንደሆነ ወስኗል። ልምዱ በየአገሩ ቢለያይም አቅጣጫው አንድ ነው፤ አጥርን የሥልጣን ግድግዳ ያደረጉ አገሮች ወደ ጋራ ሥልጣን እየተመለሱ ነው። እኛ ከመጀመሪያው የጋራውን መርሕ ይዘን ሳለን ሌሎች እየተዉት ያለውን ግድግዳ በልማድ ብንገነባ ያሳዝናል።

አሁን የሚነሡ ተቃውሞዎችን በቅንነት እንመልከት። የመጀመሪያው የምሥጢር ነው፤ ‹የወረዳ ፖሊስና የመሬት ባለሙያ ካምፕ ውስጥ ከገባ የጦር ምሥጢር ይወጣል› ይባላል። ሥጋቱ እውነተኛ ነው። የመሣሪያ ብዛት፣ የኃይል አሰላለፍ፣ የመገናኛ መስመር የሚመለከተው ሁሉ ለሲቪል ዓይን አይደለም። ነገር ግን ምሥጢሩ የነገሩ ነው፤ የመሬቱ አይደለም። የወሰን ድንጋይ የት እንደቆመ፣ የተኩስ ሰዓት መቼ እንደሆነ፣ የገበሬው ካሣ መከፈሉ፣ የሞተ ሰው አስከሬን ለምርመራ መቅረቡ ምሥጢር ሊሆን አይችልም። ወሰኑ የሚታወቅ ካምፕ ይበልጥ ይጠበቃል፤ ማን እንደገባና ለምን እንደገባ ስለሚታወቅ። ሰው ባለማወቅ የሚሻገረው አጥር ለምሥጢር ጠባቂው ራሱ አደጋ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተቃራኒው ወገን ነው፤ ‹ክልሉ የመሬት አስተዳደሩን እንደ ልጓም ይዞ መከላከያን ቢያደናቅፍስ? ነገ ፖለቲካ ቢጣላ ካምፑን ውኃና መንገድ ቢከለክለውስ?› እዚህም መልሱ በሕጉ ውስጥ አለ። ክልሉ መሬትን የሚያስተዳድረው ፌዴራሉ ባወጣው ሕግ መሠረት ነው፤ አገር ለመከላከል መሬት ያስፈልጋል የሚለውን ውሳኔ መሻር አይችልም። የክልሉ ድምፅ ‹ይሁን ወይስ አይሁን› በሚለው ላይ አይደለም፤ ‹የትኛው ሜዳ፣ በምን ወሰን፣ በምን ካሣ፣ በምን ውኃ› በሚለው ላይ ነው። ካልተስማሙ የሕገ መንግሥት ክርክር የሚፈታበት የፌዴሬሽን ምክር ቤት አለ። ያልተጻፈ ሥልጣን ግን ሁለቱንም ወገን ለማደናቀፍ ይመቻል፤ በዳዩ ማን እንደሆነ ማንም ሊያሳይ አይችልምና።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደ ነው፤ ‹በጦርነትና በግጭት ጊዜ ስለ ወሰን ድንጋይ ማውራት ቅንጦት ነው› ይላል። በክልላችን በሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሆነውን ሁላችን እናውቃለን። ሕገ መንግሥቱ ግን ጦር በክልል ውስጥ የሚገኝበትን በር በሦስት ይለያል፤ መደበኛ ሰፈር፣ በአንቀጽ 51 መሠረት ክልሉ ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት የሚጠይቀው እርዳታ፣ እና በአንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ። ሁለቱ ኋለኞቹ ጊዜያዊ ናቸው፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከ ስድስት ወር ይቆያል፣ ከዚያም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በየአራት ወሩ ያድሰው እንደሆነ ይወስናል። አዋጁ ቀን ሲኖረው በአዋጁ ጊዜ የተያዘው ማሳ ግን ቀን ካልኖረው፣ ጊዜያዊው ነገር በዝምታ ቋሚ ይሆናል። ስለዚህ ወሰን መጻፍ ይበልጥ የሚያስፈልገው በግጭት ጊዜ ነው፤ የተወሰደው መሬት የሚመለስበት ቀን የሚታወቀው ያኔ ከተጻፈ ብቻ ነው። ለሠራዊቱም ይጠቅማል፤ ከገበሬ ጋር በመሬት የተጣላ ካምፕ ጎረቤት የለውም፤ ጎረቤት የሌለው ካምፕ ደግሞ ዓይንና ጆሮው ግማሽ ነው።

ታዲያ ምን ይጻፍ? ለሞዴል ሩቅ አንሄድም፤ የሰቆጣ ስም በራሱ የአንድ የጋራ ቃል ኪዳን ስም ነው። በ2007 የፌዴራሉ መንግሥት እስከ 2022 ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማስቆም የገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የጤናን፣ የግብርናን፣ የውኃን መሥሪያ ቤቶችና የአማራንና የትግራይን ክልሎች በተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች ላይ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጧል። የሥራው ውጤት ለብቻው የሚመዘን ነው፤ የያዘው ዘዴ ግን ይታየን፤ ማንም መሥሪያ ቤት ሥልጣኑን አልለቀቀም፣ ማን ምን እንደሚሠራ ግን በዕቅድ ተጽፏል። ለእያንዳንዱ የጦር ሰፈርም እንዲህ ያለ የሰፈር ውል ይኑር። በመከላከያ፣ በክልሉ፣ እንደ ዋግ ኽምራ ባለ ቦታም በብሔረሰቡ አስተዳደር መካከል ይፈረም። ውሉ የሚይዘው አምስት ነገር ብቻ ነው፤ በድንጋይ የተተከለና በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ካርታ ላይ የሰፈረ ወሰን፤ ለእያንዳንዱ የጉዳይ ዓይነት መጀመሪያ የሚጠራው መሥሪያ ቤት፤ የካሣው መጠንና ከፋዩ፤ የውኃ፣ የመንገድ፣ የግጦሽና የዒላማ ተኩስ ማስታወቂያ ሥርዓት፤ በመጨረሻም ካምፑ ሲለቀቅ ሜዳው ከተተኳሽ ጸድቶ የሚመለስበት ሁኔታ። የካሣ ክፍያ የማን ዕዳ ነው የሚለው ባለፉት ዓመታት ራሱ የሕግ ክርክር ሆኖ ስለቆየ፣ ከፋዩን በስም መጥቀሱ ቅንጦት አይደለም። ቋንቋውም አይረሳ፤ ማስታወቂያው በአማርኛ ብቻ ተለጥፎ የአካባቢውን ቋንቋ ኽምጣኛን የሚናገረው እረኛ ሳያነበው ከቀረ ማስታወቂያ አልተነገረም ማለት ነው።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ‹ውል ተጽፎ ማን ያስፈጽመዋል? ወረቀት ጠመንጃን ያቆማል?› ወረቀት ብቻውን አያቆምም። ግን ዛሬ ዘበኛውም፣ ፖሊሱም፣ ገበሬውም የሚያሳዩት ወረቀት የላቸውም፤ ስለዚህ ክርክሩ ሁልጊዜ በጉልበት ወይም በትውውቅ ያልቃል። ውል ሲኖር የሰቆጣው ዳኛ፣ የፌዴራሉን ካባ በለበሰ ጊዜም፣ የሚመዝነው ነገር ያገኛል፤ የካምፑ አዛዥም ለበላዩ የሚያሳየው መነሻ ያገኛል። የአገራችን ሰው ‹በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል› ሲል የሚተማመነው በሕጉ ኃይል ብቻ አልነበረም፤ ሁሉም ሰው ሕጉ ምን እንደሚል ስለሚያውቅ ነበር። የማይታወቅ ሕግ ማንንም አያቆምም።

እንግዲህ ወደ ጀመርንበት እንመለስ። ባላገሩ ተሰሪ በተቀበለበት ዘመን ወታደሩ የሰፈረበት ቤት የማን እንደሆነ ማንም አይጠራጠርም ነበር፤ የባላገሩ ነው። ያ ዘመን የጎደለው ባለቤትን አይደለም፤ ወሰንን ነበር፤ ወታደሩ ምን ያህል እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚወጣ የሚናገር አልነበረም። አጥሩ የተሠራው ያንን ወሰን ለመስጠት ነው። ሥራው ግማሽ የሚሆነው ወሰኑ ለወታደሩ ብቻ ከታወቀና ለጎረቤቱ ካልታወቀ ነው። በሰቆጣ ዳርቻ ባለ ማንኛውም ካምፕ በር ላይ ዘበኛውና ገበሬው ስለ ወሰኑ አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጡበት ቀን ሲመጣ፣ ባላገሩን ከተሰሪ ለማሳረፍ የተጀመረው ሥራ ያን ጊዜ ተፈጸመ ማለት እንችላለን።